ኖራ የተቀባው መስኮት

መስታወት ቆራጩን ሰፈሩ ሁሉ «አይታይ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት የራሱ አፍ ነው። ሥራ ባስረከበ ቁጥር ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይልና አንገቱን ወደ ግራ ዘመም አድርጎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይመለከታል። ከዚያ «አይታይም» ይላል። ሌላ ምስጋና አይፈልግም። የጣት አሻራ ካገኘበት ግን ኮምጣጤውንና አሮጌ ጋዜጣውን አንስቶ እንደገና ይጀምራል። «መስታወት ከታየ መስታወት አይደለም፣ ዕቃ ነው» ማለት ይወዳል።

አንድ ጊዜ ለአንድ ጫማ መደብር በር ገጥሞ ነበር። በማግስቱ አንድ ወፍራም ደንበኛ አዲስ ጫማውን ቁልቁል እያየ ሲወጣ ከበሩ ጋር ተላትሞ አፍንጫው ተሰበረ። ሌላ ባለሙያ ቢሆን ይደነግጥ ነበር። አይታይ ግን ይህን ወሬ ሃያ ዓመት እንደ ሜዳሊያ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎት ዞረ። «ሰውዬው ደሙ እየፈሰሰ ምን አለ መሰላችሁ? ‹በር መኖሩን አላየሁም› አለ» እያለ።

በሙያው አንድ የቆየ ልማድ አለ። አዲስ የተገጠመ መስታወት ላይ በኖራ ትልቅ የኤክስ ምልክት ይቀባበታል። ግንበኛውና ቀለም ቀቢው መሰላል ተሸክመው ክፍት መስሏቸው እንዳያልፉበት ነው። አይታይ ይህን ምልክት አይወደውም። «ሙሽራ ፊት ላይ ጥላሸት» ይለዋል። ደንቡ ስለሆነ ይቀባል፤ ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ሳይጨርሱ ግን እሱ በእርጥብ ጨርቅ ማጥፋት ይጀምራል።

ሚስቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሁለተኛ ክፍል ያስተማረች ጡረተኛ ናት። ሰፈሩ «ቲቸር» ይላታል፤ እሱም እንደ ሰፈሩ። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሽርክት ስንዴ በጣሳ ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣና ለወፎች ትበትናለች። እየበተነች ታያቸዋለች፣ እያየች ስም ታወጣላቸዋለች፤ በመጨረሻም ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ትለያለች። አርባ ልጅ በአንድ ክፍል የያዘች ሴት፣ ሃያ ምናምን ወፍ መለየት ለሷ ጨዋታ ነው። ባሏ ይስቅባት ነበር። የቤት ትራፊ ቢሆን እንደሚገባው፣ እሷ ግን ለወፍ ብላ ወፍጮ ቤት ድረስ እንደምትሄድ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ያወራል።

አንድ ቀን እርጥብ የማድ ቤት ወለል አዳለጣትና ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪም ቤት ብረት ገብቶላት ተጠገነች። ወደ ቤት ስትመለስ ሐኪሙ አይታይን ወደ ጎን ጠርቶ አንድ ነገር ነገረው። አጥንቱን እነሱ ገጥመውታል፤ የቀረው የሷ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ቁጭ ካለች፣ ከቁጭታ ከተነሳች፣ ከዘራ ይዛም ቢሆን ትሄዳለች። ተኝታ ከከረመች ግን ተኝታ ትቀራለች።

ቲቸር ተኛች። መኝታ ቤታቸው ከኋላ፣ በጓሮው በኩል ነው፤ ነገር ግን ያለው መስኮት ትንሽና ከፍ ያለ በመሆኑ ከአልጋ ላይ የሚታየው አንድ ስንዝር ሰማይ ብቻ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። ትራስ ላስደግፍሽ ሲላት «ተወኝ»፣ እግርሽን አውርጂ ሲላት «ነገ»። ከመጣች ጀምሮ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወፎቹን ማን እንደሚያበላቸው። እሱም እያጉረመረመ ጣሳውን ተረከበ። በትኖ ሲመለስ አላስቀመጠችውም።

«ማን ማን መጣ?»

«ወፎች።»

«የትኞቹ ወፎች?»

«ክንፍ ያላቸው ናቸዋ።»

ቲቸር አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች፤ የዚያን ቀን ምሳ አልበላችም። ከሐኪሙ ንግግር ይልቅ አይታይን የነካው ይህ ነው። ሳህኑን ከነምግቡ ማድ ቤት መልሶ ቆመ። ከዚያ ሜትሩን ከኪሱ አወጣና ወደ መኝታ ቤቱ ተመልሶ ግድግዳውን መለካት ጀመረ። ሰው ሐዘኑን በመጠጥ ይገልጻል፣ በዝምታ ይገልጻል፤ እሱ በሴንቲሜትር ነው።

ግንበኛ ጠርቶ ግድግዳውን አስፈረሰ። በዚያ ሳምንት ቲቸር ሳሎን ተኝታ የመዶሻ ድምፅ ስትሰማ ሰነበተች። ከላይ አግዳሚ ብረት ገባ፣ ከታች ደፉ ከአልጋው ከፍታ እኩል ሆነ። ከዚያ አይታይ መስታወቱን አመጣ፤ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል፣ አንድ ወጥ፣ መሃሉ ያልተከፈለ። ለማንም ደንበኛ እንዲህ ያለ መስታወት ገጥሞ አያውቅም። ግንበኛው የኖራ ባልዲውን አንስቶ ምልክቱን ሊቀባ ሲል አይታይ እጁን ያዘው።

«ምን ያደርጋል? እዚህ መሰላል ተሸክሞ የሚያልፍ ማን አለና?»

በጓሮው ከሎሚው ዛፍ አጠገብ፣ ከመስኮቱ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ምሰሶ ተክሎ አናቱ ላይ የጣውላ ገበታ መታ። ስንዴው በዚያ ላይ ይቀርባል፣ ውሃው አጠገቡ በሸክላ ሳህን። ከዚያ መስታወቱን በኮምጣጤ ወለወለ፤ ከውስጥም ከውጭም። ቲቸርን አቅፎ ወደ አልጋዋ መለሳት። መስኮቱን ብዙ አየች።

«ክፍቱን ተወኸው እንዴ?» አለችው በመጨረሻ። «ይበርደኛል እኮ።»

አይታይ በሕይወቱ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልሰማም።

ከማግስቱ ጀምሮ ደብተር አስገዛችና እንደ ክፍሏ ስም መጥራት ጀመረች። ድንቢጦቹ ውስጥ አንገቱ ሥር ጥቁር ያለበት አንድ ወንድ አለ፤ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣና ሌሎቹን በምንቃሩ እየገፋ ቦታ ያስይዛል። እሱ «ሞኒተር» ነው። ደረቷ ቢጫ የሆነች ትንሽ ወፍ ሁልጊዜ ስንዴው ሲያልቅ ትደርሳለች፤ እሷ «አርፋጇ» ናት። ተለያይተው የማያውቁ ሁለት ዋኔዎች፣ የዱር እርግቦች፣ «መንትዮቹ» ተባሉ። አንድ ጭራው የተቆረጠ፣ ሁሉንም እየጠበቀ የሚደባደብ ደግሞ አለ፤ ለሱ የአንድ የድሮ ተማሪዋን ቅጽል ስም ሰጠችው፣ ተማሪው አሁን ትልቅ ሰው ስለሆነ ግን ለማንም አልተናገረችም። የገበታው የታችኛው ጠርዝ ከተኙ አይታይም። ስለዚህ በሳምንቱ አንድ ትራስ ጠየቀች። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ትራስ ተደግፋ ቁጭ ማለት ጀመረች። በአራተኛው እግሯን ከአልጋው ላይ አወረደች። ሐኪሙ መጥቶ አየና «እንዲህ ነው እንጂ» ብሎ መስኮቱን ሳያስተውል ሄደ። አይታይ ባለማስተዋሉ ተደሰተ።

ቲቸር ቀትር ላይ የሕመም ማስታገሻዋን ወስዳ ሁለት ሰዓት ያህል ትተኛለች። የመጀመሪያው አደጋ የደረሰው በዚያ ሰዓት ነው። አይታይ ቧንቧው ጋ የወፎቹን ሳህን እያጠበ ሳለ ሰው ጓንት ባጠለቀ እጁ ግድግዳ የመታ የሚመስል «ድብ» የሚል ድምፅ ሰማ። ሲዞር ምንም የለም። ጠጋ ሲል ከመስኮቱ ሥር አርፋጇ በጀርባዋ ተንጋላለች፤ አንገቷ ዞሯል። መስታወቱ ላይ የክንፎቿ ቅርጽ በነጭ ብናኝ ታትሞ ቀርቷል። ላባው አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ባለሙያ የሳለው ይመስላል።

ቀና ብሎ መስታወቱን አየ። ውስጡ የሎሚው ዛፍ አለ። ዛፉ ላይ ሰማይ አለ። ከዛፉ ሥር ደግሞ አንድ ሽማግሌ የሞተች ወፍ በመዳፉ ይዞ ቆሟል። በሙያው አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ መስታወትን የሰው ዓይን እንዳያየው አድርጎ ሲሠራ ኖሯል፤ የወፍ ዓይንም እንደማያየው ግን አንድ ቀን እንኳ አስቦ አያውቅም። ነገሩ ወዲያው ገባው። ባልገባው ይሻል ነበር። አርፋጇን ከሎሚው ሥር ቀበራት። ከዚያ፣ እጁ ስለለመደ፣ ጋዜጣ አምጥቶ የክንፎቹን ምልክት ወለወለ።

በማግስቱ ቲቸር «አርፋጇ ቀርታለች» ብላ ጻፈች። በሦስተኛው ቀን ቀና ብላ ጠየቀችው።

«ምን ሆና ይሆን?»

በዚያች ደቂቃ የጎረቤት ድመት አጥሩ ላይ ተዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች። አይታይ ዓይኑ እሷ ላይ ወደቀ።

«ድመቷ ትሆናለቻ» አለ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሱ እንኳ ራሱን የሰማው ከተናገረ በኋላ ነው። ልመልሰው ቢል ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አወቀው፤ እሷ አንድ ጊዜ መጠየቅ ከጀመረች ሥሩ ሳይነቀል አታቆምም። መስኮቱ እንደሚገድል ካወቀች መጋረጃ ትጋርዳለች፣ ከጋረደች ትተኛለች፣ ከተኛች ትቀራለች። እንዲህ ብሎ ራሱን አሳመነ። ከዚህ ሁሉ በታች አንድ ሌላ ምክንያት ነበር፤ በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ ያማረው ይህ መስኮት ነው። ይህን ግን ለራሱም አልነገረውም።

የድመቷ ባለቤት ከአጥሩ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተባት ቆይቷል። ቲቸር ከወደቀች ጀምሮ በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲል የሚዘመዘም ወይም ቁልፍ የሚተከልበት ልብስ በክንዷ ይዛ ትመጣለች። አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ትቀመጥና ስፌቷን እየሠራች ሰፈሩን አንድ በአንድ ታማለች። ቲቸር አንዳንዴ በሳቅ ትራሷን ትመታለች። ድመቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከአጥሩ ወርዳ ወደ አጥሩ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል።

ከመንትዮቹ አንዷ ብቻ በመጣችበት ቀን ነገሩ ፈነዳ። ልብስ ሰፊዋ ገና መርፌዋ ውስጥ ክር እያስገባች ሳለ ቲቸር ድመትሽን እሰሪልኝ አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቲቸር ደብተሩን ገልጣ የቀሩትን አነበበችላት፤ ያኔ አራት ደርሰዋል።

«እትዬ፣ እሷ እኮ ጥርስ የላትም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሥጋ በመቀስ ቆራርጬ ነው የማጎርሳት።»

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ።»

«አልመነኮሰችም፣ አረጀች እንጂ። እንኳን ወፍ ልትይዝ፣ ዝንብ አፍንጫዋ ላይ ሲያርፍባት ‹ሂድልኝ› ብላ አታውቅም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም ይስቁ ነበር። አሁን ግን አልሳቁም። አይታይ ሻይ በትሪ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ልብስ ሰፊዋ ወደ እሱ ዞረች።

«ጋሼ፣ እርስዎ በዓይንዎ አይተዋል?»

«ላባ አይቻለሁ» አለ አይታይ።

ይህ ውሸት አይደለም። ለዚህም ነው ከውሸቱ ሁሉ የከፋው ይህ የሆነው። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ኮሌታዋ ላይ ሰካች፣ ልብሱን አጣጠፈች። በሩ ጋ ስትደርስ ሳትዞር «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለች። በማግስቱ ድመቷን በቅርጫት አድርጋ፣ በአውቶቡስ ከተማው ዳር ወደምትኖረው እህቷ ዘንድ ወሰደቻት። ከዚያ ወዲያ አሥር ሰዓት ባዶውን ይመጣል፣ ባዶውን ይሄዳል።  በዚያ ሰዓት ቲቸር ከመስኮቱ ይልቅ በሩን ታያለች።

አይታይ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ቀትር ቀትር መጋረጃ ይጋረድ ብሎ ሞከረ፤ ለመተኛቴ ጨለማ አያስፈልገኝም አለችው። ገበታውን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ወሰደው፤ ወፎቹ ከሩቅ ተንደርድረው መጡና ባሰ። ዕቃ ቤቱ ጥግ ግንበኛው የተወው ግማሽ ከረጢት ኖራ አለ። በቀን ሦስት ጊዜ ዕቃ ቤት ይገባል፤ ከረጢቱን ያየዋል፤ መዶሻ ወይም ሚስማር ይዞ ይወጣል። ሰፈሩ ‹የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም› ይላል፤ እሱ ደግሞ በጋዜጣ ያሸው ነበር። በየቀኑ፣ ቲቸር ሳትነቃ፣ የክንፍ ምልክት። ቲቸርም ከድመቷ በኋላ ለቀሩት ወፎች ደብተሯ ላይ የጥያቄ ምልክት ማድረግ ጀምራ ነበር።

ድመቷ ከሄደች አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ጠዋት ነበር፤ ቲቸር ተቀምጣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። አይታይ ውሃ ሊቀይር ወደ ገበታው ሲጠጋ ወፎቹ ብር አሉ። ሌሎቹ ወደ ላይ ሄዱ። ሞኒተር ግን በመስታወቱ ውስጥ ወዳለው ሎሚ ዛፍ ቀጥ ብሎ በረረ። በቲቸር ፊት ትይዩ፣ ዓይኗ እያየ፣ መታውና ወደቀ።

አይታይ ከውጭ ቆሟል፣ እሷ ከውስጥ ተቀምጣለች። አፏ ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ምንም አይሰማውም። ዙሪያውን ጥሩ አድርጎ ነበር የደፈነው። ገብቶ አልጋው አጠገብ እስኪቆም ድረስ ምን እንዳለች አላወቀም።

«ስንት ናቸው?» አለችው ደግማ።

«ከሱ ጋር አሥራ አንድ።»

«ድመቷስ?»

«ድመቷ ምንም አላደረገችም።»

ቲቸር ሠላሳ አንድ ዓመት ስታስተምር ልጅ መትታ አታውቅም። የዋሸ ልጅ ቢያጋጥማት ቅጣቱ አንድ ነበር፤ የዋሸበትን ሰው ፊት ለፊት ቆሞ እንዲነግረው መላክ። «ሂድና ንገራት» አለችው። ደብተሩን ዘጋች። ትራሶቹን አንድ በአንድ ወደ ወለሉ ጣለች፣ ተኛች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። አይታይ ቆሞ ተናገረ፤ ወፎቹን የገደለው መስኮቱ መሆኑን፣ እሱም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማወቁን። እሷ መርገጫውን አላቆመችም። አንድ እጅጌ ጨርሳ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«የወሰድኳት እኔ ነኝ» አለች። «የሚያመጧት ግን እርስዎ ነዎት።»

አይታይ በአውቶቡስ ሄዶ ድመቷን አመጣት። የእህት ልጆች ወተት እያጠጡ አወፍረዋታል፤ ቅርጫቱ እጁን ገነጠለው። ድመቷ በመንገዱ ሙሉ ጮኸች። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ታማ እንደሆነ ጠየቀው። «ታስራ ነበር፤ በነጻ ተለቀቀች» አለው። ቅርጫቱን ሲያስረክብ ልብስ ሰፊዋ አመሰገነችው። እትዬን ለመጠየቅ ጊዜ ሳገኝ እመጣለሁ አለች። ጊዜ ሳገኝ የሚል ሰው መቼ እንደሚመጣ አይታይ ያውቃል።

በዚያው ቀን ኖራውን በጠበጠ። መጀመሪያ እንደ ሙያው ደንብ ከጥግ እስከ ጥግ ትልቅ ኤክስ ቀባ። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ አለና አንገቱን ዘመም አድርጎ አየ። ከኤክሱ መሃል ያለው ክፍተት ለሰው ጠባብ ነው፣ ለድንቢጥ ግን አደባባይ ነው። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች መስመር ማስመር ጀመረ፤ በመስመርና በመስመር መሃል አራት ጣት። ከውስጥ ቢቀባው ለራሱ ይቀልለው ነበር፤ ግን ዛፉ የሚታየው ከውጭ ስለሆነ መቀባት ያለበትም ከውጭ ነው። መስታወቱን ይዞ እንዳይቀር በስሱ ቀባው። ማስመሪያ ይዞ እስኪመሽ ሠራ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅ አልሰማም። ወፎቹም አልቀሩም። ቲቸር ግን አልዞረችም። ማን ማን እንደመጣ ሊነግራት ሞከረ፤ አሁን ሁሉንም በስማቸው ያውቃቸዋል።  ሐኪሙ መጥቶ አየና ቀኑን በጣቱ ቆጠረ፤ ከሦስቱ ወር የቀረው ሦስት ሳምንት ነው።

በሳምንቱ አይታይ ለአንድ ፀጉር አስተካካይ የግድግዳ መስታወት ሊገጥም ሄደ። ሥራው ሊያልቅ ሲል ዝናብ ጣለ። ጣሪያውን እየደበደበ ግማሽ ሰዓት ያህል ወረደና አንድ ጊዜ ቆመ። ወዲያው ፀሐይ ወጣች፤ ታጥባ የወጣች፣ ኃይለኛ የቀትር ፀሐይ። አይታይ መስታወቱን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆመ። ኖራ ውሃ ይዞት እንደሚሄድ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ስንቱን በእርጥብ ጨርቅ አጥፍቷል። የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ ሣጥኑን አነሳ።

«ጋሼ፣ የእጅዎ አሻራ ቀርቷል እኮ» አለው ፀጉር አስተካካዩ።

«ይታይ» አለና ወጣ።

አውቶቡሱን መጠበቅ አቃተው፤ በእግሩ ሄደ። ሲደርስ ቤት ሳይገባ ቀጥታ በጎን በኩል ወደ ጓሮ ዞረ። ኖራው አንድም መስመር አልቀረም፤ ከመስኮቱ ሥር ነጭ ኩሬ ሆኗል። መስታወቱ ላይ ግን ዛፍም ሰማይም አልነበረም። ከሁለቱ ጥጎች በቀር ከውስጥ በኩል ነጭ አንሶላ ተወጥሮበታል። በቀኝ ጥግ ልብስ ሰፊዋ አንሶላውን በሁለት እጇ ወደ ላይ ይዛ ቆማለች፤ አፏ ውስጥ መርፌ ቁልፎች አሉ። በግራው ጥግ ቲቸር ቆማለች። በአንድ ክንዷ አንሶላውን መስታወቱ ላይ ተጭናለች፣ ሌላው እጇ ከዘራዋ ላይ ነው።  ከፊቷ ዝቅ ብሎ፣ በመስኮቱ ደፍ ውጭ በኩል፣ የቀረችው መንታ ዋኔ ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን እየገለጠች እየከደነች ተቀምጣለች።

የሆነውን በኋላ ልብስ ሰፊዋ ነገረችው። ዝናቡ እንዳቆመ ቲቸር ያንን ድምፅ ሰማች፤ ቀለል ያለ ነበር፣ የሚገድል አይደለም። ዞር ስትል መስታወቱ ንጹህ ነው፤ ወፎቹም ከዝናብ በኋላ ርቧቸው ወደ ገበታው እየጎረፉ ነው። ቤት ውስጥ ሰው የለም። አንሶላውን ከአልጋው ጎትታ፣ ከሐኪም ቤት ከመጣች ጀምሮ ጥግ የቆመውን ከዘራ ይዛ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዘጠኝ እርምጃ ሄዳ መስኮቱ ጋ ደረሰች። ልብስ ሰፊዋ ከራሷ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ ያየቻት ያኔ ነው። የሁለት ሜትር መስታወት በአንድ እጅ ሊሸፈን እየተሞከረ ነበር።

አይታይ ሲገባ ድመቷ አልጋው ላይ፣ ቲቸር በተነሳችበት ሙቀት ውስጥ፣ ተጠቅልላ ተኝታለች።

«ስንት ሰዓት ቆማችሁ ነው?» አለ።

«አንድ ክፍለ ጊዜ ያልፋል» አለች ቲቸር። «አንተ ሰውዬ፣ እጄ ዝሏል። የማይለቅ ቀለም የለህም?»

«የዘይት ቀለም አለ። ግን እሱ አንዴ ከተቀባ አይለቅም።»

«እኔስ ምን አልኩህ?»

ልብስ ሰፊዋ መርፌ ቁልፎቹን ከአፏ አውጥታ አንሶላውን ከግድግዳው ጋር አያያዘችው። ከዚያ ወንበር ስባ ቲቸርን ብብቷን ይዛ አስቀመጠቻት፤ አልጋው ላይ ሳይሆን መስኮቱ አጠገብ። አይታይ ዕቃ ቤት ገብቶ ነጩን የዘይት ቀለም፣ ቀጭን ብሩሽና ማስመሪያውን ይዞ ወጣ። ዋኔዋ ሲጠጋት ተነስታ ወደ ሎሚው በረረች።

የመጀመሪያውን መስመር ከግራ ጥግ ጀመረ። አንሶላው በዚያ በኩል ትንሽ ተገለጠና የቲቸር ፊት ታየ። ሁለተኛውን አሰመረ፣ ሦስተኛውን አሰመረ። አራተኛው ላይ ሲደርስ መስታወቱን በጣቷ ቆረቆረችው። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ እንደ በፊቱ ምንም አይሰማም። ጣቷን ከመስመሩ አናት ላይ አስቀመጠችና ቀስ እያለች ወደ ታች አወረደችው፤ መሃል ላይ ስትደርስ ጣቷ ቀጥ ብሎ ወረደ፣ መስመሩ ግን ወደ ቀኝ ሸሸ።

አይታይ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። አንገቱን ዘመም አድርጎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። መስመሩ ጠምሟል። ቀለሙ ሳይደርቅ በጨርቅ ጠረገውና እንደገና አሰመረ።